ሲሞቅ አልነሣ የሚል መኪና፦ ለአንድ የአሮጌ ኮሮላ ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «መኪናዬ በተለምዶ ዲኤክስ የሚባለው ኮሮላ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1984 ሥሪት፣ 1.3 ሊትር፣ ባለ ካርቡሬተር። ጠዋት ከገርጂ ስወጣ በአንድ ቁልፍ ይነሣል። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ዳቦ ቤት ገብቼ አሥር ደቂቃ ቆይቼ ስመለስ ግን ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ በደንብ እየዞረ ሞተሩ አይነሣም። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይነሣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ፣ ካንዴላ፣ ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው ቦቢና፣ በመጨረሻም ሙሉ ካርቡሬተር ቀይሬያለሁ፤ ከካርቡሬተሩ በኋላ ጭራሽ ባሰበት። ቀደም ሲል ሞተሩ ይሞቃል ተብሎ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ወጥቷል። ጋራዥ ሲደርስ እንደ ዲያቆን ጨዋ ሆኖ ስለሚነሣ መካኒኩ እኔኑ በጥርጣሬ ያየኛል። የዳቦ ቤቱ አካባቢ ልጆች ከሩቅ ሲያዩኝ እጅጌያቸውን መሰብሰብ ጀምረዋል፤ የማስገፊያ ወጪዬም ከዳቦው በልጧል። አማቴ ቡዳ በልቶታል ብለው ኮፈኑን አስከፍተው ጠበል ረጩበት፤ በዚያው ቅጽበት ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ የእሳቸውን ምርመራ ተቀብሏል። መካኒኩ ደግሞ ኮምፕሬሽን የለውም፣ ሞተሩ አልቋል፣ ይታደስ ይላል። ላሳድሰው፣ ልሽጠው ወይስ ሌላ የሚቀየር ዕቃ አለ?»

ሞተሩን አያሳድሱ፤ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለም አይሽጡት፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የችግሩ ምክንያት በዓይን ሳይታይ አንድም ዕቃ አይግዙ። የጻፉት ጥያቄ መልሱን በአብዛኛው ይዟል። ብልሽቱ ሞተሩ ከጠፋ አሥር ደቂቃ ሲሆነው ይመጣል፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ይሄዳል፣ በውሃ ደግሞ ይሸሻል። ሰዓቱን እንዲህ አክብሮ የሚመጣ ብልሽት፣ ለባለቤቱ የቱንም ያህል አሳፋሪና አድካሚ ቢሆን፣ ለመርማሪ ከብልሽቶች ሁሉ የቀለለው ነው። ሁለት ባትሪና አንድ ካርቡሬተር ያስወጣዎት የብልሽቱ ክብደት ሳይሆን መኪናው በማይነሣባት በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ ያየ ባለሙያ አለመኖሩ ነው።

በመጀመሪያ ሞተር ሲጠፋ ይቀዘቅዛል የሚለውን ግምት ማረም ያስፈልጋል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የውሃ ፖምፓው ውሃውን ያዞራል፣ ማራገቢያው ነፋስ ይስባል፣ ከታንከር የሚመጣው ቀዝቃዛ ቤንዚንም ራሱ በመስመሩ እየፈሰሰ ካርቡሬተሩን ያበርዳል። ቁልፉ ሲዘጋ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቆማሉ፤ በቴስታታው፣ ማለትም ከሲሊንደሮቹ በላይ ባለው የሞተሩ ክዳን፣ እንዲሁም በጭስ ማውጫው ብረት ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት ግን መሄጃ ስለሌለው ወደ ላይ ወጥቶ በተዘጋው ኮፈን ሥር ይታመቃል። ስለዚህ መኪናው በቆመባቸው የመጀመሪያዎቹ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃዎች ካርቡሬተሩና የቤንዚን ፖምፓው በጉዞ ላይ ከነበሩበት የበለጠ ይሞቃሉ። በእርስዎ ሞተር ላይ ደግሞ የቤንዚን ፖምፓው በቀጥታ ከሞተሩ አካል ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ ከዚህ ሙቀት የሚያመልጥበት መንገድ የለውም።

ቤንዚን ብዙ ዓይነት ፈሳሾች የተቀላቀሉበት ነው፤ ቀላል የሆነው ክፍሉ በባሕር ጠለል ከፍታ እንኳ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መፍላት ይጀምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በዚህ ምክንያት ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ ቤንዚንም ቀደም ብሎ ይፈላል። በሌላ አገር ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለ እንከን የሚነሣ ተመሳሳይ መኪና እዚህ ሊያስቸግር የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የፈላው ቤንዚን ችግር የሚፈጥረው በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ነው፤ መፍትሔያቸውም ስለሚለያይ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ መፍታት አይቻልም። አንደኛው በፖምፓውና በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ሲሞላ ነው። ፖምፓው የተሠራው ፈሳሽ ለመግፋት ስለሆነ እንፋሎቱን እየጨመቀና እየለቀቀ በከንቱ ይደክማል፣ ካርቡሬተሩም ይደርቃል። ሁለተኛው በካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ የነበረው ቤንዚን ፈልቶ በራሱ ወደ ሞተሩ ሲፈስ ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ የሚያጣው ቤንዚን ሳይሆን አየር ነው፣ ካንዴላዎቹም ይረጥባሉ። በእርስዎ ካርቡሬተር ፊት ለፊት የቤንዚኑ ከፍታ የሚታይባት ትንሽ የመስታወት መስኮት መኖር አለባት። መኪናው አልነሣ ሲል በዚያች መስኮት ይመልከቱ፤ ባዶ ከሆነች ችግሩ የመጀመሪያው ነው። ቤንዚን ካለና ኃይለኛ የቤንዚን ሽታ ከሸተተዎት ሁለተኛው ነው።

ስለ አማትዎ ጠበል እምነትን የሚመለከተውን ለእሳቸው እተዋለሁ፤ ውሃው ያረፈበት ቦታ ግን ለእኔ ትልቅ ማስረጃ ነው። ፖምፓውንና መስመሩን ያቀዘቀዘ ውሃ እንፋሎቱን መልሶ ፈሳሽ ያደርገዋል፣ ሞተሩም ወዲያው ይነሣል። በንጹሕ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ብቻ አስተኝተው ሁለት ደቂቃ ቢጠብቁ ያው ውጤት ይገኛል፤ ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስቱንም ጊዜ ከተነሣ ምርመራው ሊያልቅ ተቃርቧል ማለት ነው። ነገር ግን ይህን የሚያደርጉት ለምርመራ እንጂ ለዘወትር መፍትሔነት አይደለም። ውሃው በጋለው ቴስታታና ጭስ ማውጫ ላይ እንዳይፈስ አጥብቀው ይጠንቀቁ፤ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ያን ጊዜ እውነተኛ የሞተር እድሳት ይመጣል።

አሁን ከካርቡሬተሩ በኋላ ባሰበት ወዳሉት ቃል ልመለስ፤ ከጻፉት ሁሉ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። በካርቡሬተሩና ከሥሩ ባለው የብረት ማስገቢያ መካከል ሙቀት የማያስተላልፍ፣ እንደ ቤክላይት ካለ ጠንካራ ነገር የተሠራ ወፍራም ማገጃ አለ። ብዙ ሰው ተራ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ መድፈኛ) ይመስለዋል። ካርቡሬተር ሲቀየር ይህ ማገጃ የተሰነጠቀ ወይም የተጣበቀ ሆኖ ከተገኘ ተፍቆ ይጣልና በምትኩ ከወረቀት የተቆረጠ ስስ ጓርኒሲዮን ይገባል። ቤንዚን አያፈስም፣ አየር አያስገባም፣ ስለዚህ ሥራው የተሟላ ይመስላል። ውጤቱ ግን አዲሱ ካርቡሬተር በጋለ ብረት ላይ በቀጥታ መቀመጡ ነው፤ ምጣድ ላይ እንደተጣደ ድስት። እንዲሁም ካርቡሬተሩን ከጭስ ማውጫው ሙቀት የሚከልል የቆርቆሮ ጋሻ ካለ እሱም ብዙ ጊዜ ተፈትቶ ሳይመለስ ይቀራል። ሁለቱም በቦታቸው መኖራቸውን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ሳላየው እርግጠኛ ልሆን አልችልም፤ ሆኖም አንድ ነገር ብቻ ተመልከት ብባል የምመለከተው ያንን ማገጃ ነው።

ሦስተኛው የሚታየው የቤንዚኑ መመለሻ መስመር ነው። በዚህ የሞተር ቤተሰብ ላይ ከሚገጠሙት ፖምፓዎች ብዙዎቹ ሦስት ቀዳዳ አላቸው፤ አንዱ ከታንከር ያስገባል፣ ሌላው ወደ ካርቡሬተር ይልካል፣ ሦስተኛው ትርፉን ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ታንከር ይመልሳል። ፖምፓው በአንድ ወቅት ባለ ሁለት ቀዳዳ በሆነ ሌላ ተተክቶ ወይም መመለሻው ያፈሳል ተብሎ በብሎን ተደፍኖ ከሆነ እንፋሎቱ መውጫ አጥቷል። መስመሩን ከፖምፓው እስከ ታንከሩ በእጅ እየዳበሱ መከተል አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ጋራዥ ሲደርስ ለምን ይነሣል? እዚያ የሚደርሰው ወይ ሞተሩ ሳይጠፋ ነው፣ ወይ ደግሞ ወረፋ ሲጠብቅ አርባ ደቂቃ ቆሞ በርዶ ነው፤ ሁለቱም ብልሽቱ ከሚኖርበት ሰዓት ውጭ ናቸው። ባለቤቱ ዋሾ፣ መኪናው ምትሃተኛ የሚመስሉበት ክፉ ሁኔታ የሚፈጠረው በዚህ ነው፤ በሥራዬ ዘመን ብዙ ሰው እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ከጋራዥ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ተገቢም አይደለም። መካኒኩ ያላየውን ብልሽት ባለማወቁ ሊወቀስ አይችልም፤ ሳያየው ዕቃ ማስቀየሩ ግን ስሕተት ነው። ስለዚህ መኪናውን ግማሽ ሰዓት ነድተው በደንብ ካሞቁት በኋላ ጋራዡ በር ላይ ያጥፉት፣ ኮፈኑን ሳይከፍቱ ሰዓት ይዘው አሥራ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ መካኒኩ ባለበት ቁልፉን ይጠምዝዙ። ኮፈኑን አስቀድሞ መክፈት ሙቀቱን ስለሚያስወጣ ፈተናውን ያበላሻል።

በዚያች ሰዓት የመጀመሪያው ጥያቄ ሞተሪኖው በተለመደው ፍጥነት ይዞራል ወይ የሚለው ነው፤ እርስዎ ይዞራል ስላሉ አልፈዋለሁ። ሁለተኛው እሳት፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የካንዴላ ብልጭታ፣ አለ ወይ የሚለው ነው። ትርፍ ካንዴላ በአንዱ ገመድ ጫፍ ገጥሞ፣ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አገናኝቶ፣ ከካርቡሬተሩ ራቅ አድርጎ ሞተሩን በማዞር ይታያል፤ ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ካለ እሳቱ ደህና ነው፣ ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቆሞ ወደ እሳቱ መስመር መሄድ ያስፈልጋል። ይህን ፈተና ልምድ ያለው ሰው ብቻ፣ በተሸፈነ ፒንሳ ይዞ ያድርገው፤ በገመዱ የሚያልፈው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፣ አካባቢውም የቤንዚን እንፋሎት አለበት። ሦስተኛው የቤንዚኑ ጥያቄ ሲሆን ያችን የመስታወት መስኮት በማየት ይመለሳል።

እሳቱ ከጠፋ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። ፑንቲና፣ ማለትም የቦቢናውን ኤሌክትሪክ እየከፈተና እየዘጋ የሚሠራ መገናኛ፣ ባለው መኪና ላይ ከእሱ ጋር የሚሠራው ኮንዴንሰር ሲሞቅ ሥራውን ሊያቆም፣ ሲበርድ ሊመለስ ይችላል። አዲሱ ቦቢናም ከጥርጣሬ ነጻ አይደለም፤ አንዳንዱ ቦቢና ከውጭ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚቀንስ ዕቃ) ጋር እንዲሠራ የተዘጋጀ ስለሆነ ያለ ሬዚስታንስ በቀጥታ ከ12 ቮልት ጋር ሲያያዝ ከመጠን በላይ ይግላል፤ መለያው ብዙውን ጊዜ በራሱ ላይ ተጽፏል። የፑንቲናው ክፍተት 0.45 ሚሊ ሜትር መሆኑንም በዚያው ማስለካት ነው። ሆኖም በውሃ ጨርቅ የሚድን ብልሽት ከእሳት ይልቅ ወደ ቤንዚን ያደላል።

ባትሪዎቹን የገደላቸው ምናልባት ይኸው ችግር ነው። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለደቂቃዎች ሞተሪኖ የሚያዞር ባትሪ ዕድሜ አይኖረውም፤ ሁለቱም የታመሙት በመኪናው በሽታ እንጂ መጀመሪያውኑ የበሽታው ምክንያት አልነበሩም። ከእንግዲህ በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰከንድ በላይ አያዙሩ፣ በመካከሉም አንድ ደቂቃ ያሳርፉ፤ ሞተሪኖውንም ከመቃጠል ያድኑታል። የቤንዚን ሽታ ካለ ደግሞ ፔዳሉን እየደጋገሙ መርገጥ እያንዳንዱ ርግጫ ተጨማሪ ቤንዚን ስለሚረጭ ነገሩን ያባብሰዋል። ፔዳሉን እስከ ወለሉ አንድ ጊዜ ረግጠው፣ ሳይለቁ፣ ቁልፉን ይጠምዝዙ፤ የሚገባው ብዙ አየር ትርፉን ቤንዚን ጠርጎ ያወጣዋል።

ሞተሩ አልቋል ስለተባለው ጉዳይ በጣም መጠንቀቅ ይገባል፤ በዚህ ከተማ ብዙ ጤነኛ ሞተር ያለ አግባብ የተፈታው በዚህ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። የኮምፕሬሽን መለኪያ የሚያሳየው ሲሊንደሩ የሳበውን አየር ምን ያህል እንደጨመቀው ነው። የሚስበው አየር ገና ከመነሻው በሩብ ያህል የሳሳ ከሆነ መጨረሻው ላይ የሚነበበውም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የፋብሪካው መጽሐፍ 12 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚል ከሆነ አዲስ አበባ ላይ 9 ገደማ ማንበብ ጤንነት ነው። መካኒኩ የለካውን ቁጥር በጽሑፍ ይጠይቁት፤ አራቱም ሲሊንደሮች ከተቀራረቡ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ከ1 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ ሞተርዎ አላለቀም። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ እጅግ ወርዶ ከተገኘ ወይም መኪናው ዘይት እየበላ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ለዚያውም ኮምፕሬሽን ያጣ ሞተር በብዛት የሚያስቸግረው ሲበርድ፣ ጠዋት ነው፤ የእርስዎ ግን ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሣል።

ቴርሞስታቱን ይመልሱት። ሞተር ይሞቃል ሲባል መንቀሉ የተለመደ ቢሆንም ጥፋቱ ያመዝናል፤ ያለ እሱ ሞተሩ ጠዋት ለረጅም ጊዜ በርዶ ይሠራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ውስጡም ቶሎ ይፋቃል። የመሞቁ እውነተኛ ምክንያት በአብዛኛው የተዘጋ ራዲያተር ወይም የራዲያተሩ ክዳን ነው። ጤነኛ ክዳን በውስጡ ግፊት ስለሚይዝ ውሃው በእኛ ከፍታ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም፤ ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊት ስለማይዝ ውሃው በ92 ዲግሪ ይንተከተካል። ቴርሞስታቱ ራሱ የሚከፈተው በ82 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በመካከሉ የሚቀረው ፋታ አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ክዳኑን ይቀይሩ፤ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነው፣ ከላይ ዕቃ አይግዙ ካልኩትም ብቸኛው ልዩነት ይህ ይሁን። ሞተሩ ግሎ ሳለ ግን ማንም ሰው፣ በጨርቅ ይዞም ቢሆን፣ ክዳኑን እንዳይከፍት፤ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል።

የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደው ቢያማክሩ የኤሌክትሪክ ቤንዚን ፖምፓ ይግጠሙ የሚል ምክር ሊሰጥዎት ይችላል። ሐሳቡ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ታንከሩ አጠገብ የተገጠመ ፖምፓ ከሞተሩ ሙቀት የራቀ ስለሆነ ቤንዚኑን ከኋላ ይገፋል። አደጋው የዕቃው ምርጫ ላይ ነው። ካርቡሬተር የሚፈልገው ግፊት ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ያህል ሲሆን ለኢንጀክሽን፣ ማለትም በካርቡሬተር ፋንታ ቤንዚን በግፊት ለሚረጭ፣ መኪና የተሠራው ፖምፓ 3 ባር ገደማ ይሰጣል፤ ይህ በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋውን መርፌ አሸንፎ ቤንዚኑን በጋለ ሞተር ላይ ያፈሰዋል፣ እሳትም ያስነሣል። በተጨማሪም ሞተሩ በአደጋ ሲጠፋ ፖምፓውን አብሮ የሚያጠፋ መቆራረጫ ከሌለ በፍጹም አያስገጥሙ። እኔ ይህን አማራጭ የማየው ማገጃው፣ ጋሻውና መመለሻው ተስተካክለው ካልበቁ ብቻ ነው።

ማስገፋቱን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሞተሩ በጠፋ መኪና ላይ የፍሬኑ ማገዣ ስለማይሠራ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ መሪው ይቆለፋል። ልጆቹ በቁልቁለት ላይ ወይም ከመሸ በኋላ ከኋላ እንዲገፉ አይፍቀዱ፤ ከኋላ የሚመጣ ሹፌር የሚያየው የቆመ መኪና እንጂ በመካከል ያሉትን ልጆች አይደለም። ግማሽ ሰዓት ጠብቆ መነሣት ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

መሸጥን በሚመለከት፣ መኪናው በዚህ ጠባዩ ከተሸጠ ገዢው የሚቀንሰው ዋጋ ጥገናው ከሚጠይቀው እጅግ ይበልጣል። ምትክ ማግኘትም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገልጿል። ስለዚህ ሌላ የነዳጅ መኪና ቢፈልጉ የሚገዙት እዚሁ ያለውን፣ ምናልባትም የሌላ ሰውን የዳቦ ቤት ችግር ነው። የእርስዎ ሞተር ደግሞ ቀላል አሠራር ያለው፣ ብዙ ባለሙያ የሚያውቀው ነው። ይሽጡት የሚል ምክር የምሰጠው አካሉ ከሥር በዝገት ተበልቶ ከሆነ ብቻ ነው፤ ያንን በክሪክ ተነሥቶ በመዶሻ እየተመታ ይታይ።

እንግዲህ በቅደም ተከተል እንዲህ ያድርጉ። በዚህ ሳምንት መኪናው አልነሣ ባለ ቁጥር ሰዓቱን፣ ከመጥፋቱ በፊት ምን ያህል እንደነዱት፣ ከጠፋ ስንት ደቂቃ እንደሆነው፣ በመስታወቷ ቤንዚን መታየቱንና ሽታ መኖሩን በወረቀት ይጻፉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከላይ እንዳልኩት ሞቆ ጋራዡ በር ላይ ይጥፋ፣ መካኒኩም በዓይኑ ይይ። እሳቱ ደህና ሆኖ ከተገኘ ካርቡሬተሩ ይነሣና ከሥሩ ያለው ይታይ፤ ወፍራሙ ማገጃ ከሌለ ከተፈታ ተመሳሳይ ሞተር ላይ ይፈለግ፣ ጋሻውና መመለሻው ይመለሱ፣ ቴርሞስታቱና ክዳኑ ይግቡ። ወረቀቱን ለመካኒኩ ይስጡት፤ ካንዴላና ቦቢና እንደገና ይቀየር ካለዎት በዚያ ወረቀት ላይ የትኛው መስመር እንዲህ እንዳሰኘው ይጠይቁት፤ መስመሩን ካላሳየዎት ገንዘብዎን አያውጡ።